እስከ እሑድ አቆየው

በሙያዬ እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሥራዎች መካከል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከን ሳይወጣለት የጨረስኩት አንድ ብቻ ነው። እሱን አንዱን አበላሽቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እኖራለሁ።

ነገሩ የሆነው ነጌሌ ቦረና ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ በውትድርና መጥቶ እዚያው የቀረ የጎንደር ሰው፣ እናቴ የአገሩ፣ የሊበን ኦሮሞ ልጅ። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ እየደባለቅሁ ያደግሁ፣ ስለ ራሴ ያለኝ ግምት ከከተማው የሚሰፋ ጎረምሳ ነበርኩ። ሐዋሳ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ መናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራየሁና ሦስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ደርድሬ ኢንተርኔት ቤት ከፈትኩ።

ኮምፒውተሮቼን ቫይረስ ፈጃቸው። ደንበኛ ሁሉ አንገቱ ላይ ባንጠለጠላት ፍላሽ ዲስክ በሽታ እየጫነ ይመጣል። በሦስተኛው ወር መረረኝና ዊንዶውሱን ጠራርጌ አውጥቼ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ጫንኩባቸው። ቫይረሱ ጠፋ፤ ደንበኛውም አብሮ ጠፋ። "የደረጄ ኮምፒውተር ዘፈን አይከፍትም፣ ቪዲዮ አያሳይም" ተባለ። እውነትም ብዙ ነገር አይከፍትም ነበር። ከእኔ ሁለት መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ ገልገሎ የሚባል የእኔ እኩያ ሌላ ኢንተርኔት ቤት ከፍቶ ነበርና፣ ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ጎረፈ። ገልገሎን አልወደውም ነበር። ምንም አላደረገኝም፤ የእሱ ቤት ሞልቶ የእኔ ባዶ መሆኑ ብቻ በቂ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ እትዬ ብርነሽ መጡ።

እትዬ ብርነሽ የሃምሳ አለቃ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አገሬ ልግባ ሳይሉ፣ ከካምፑ በር አጠገብ በስፌት መኪና የወታደር ልብስ እየጠገኑ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። የልብስ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አብሯቸው ይሄዳል። ልጃቸው ቢንያም ከእኔ ሦስት ክፍል ዝቅ ብሎ የተማረ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ከሰባት ወር በፊት ቦሩ ከሚባል የዱብሉቅ ጓደኛው ጋር በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ገብቷል። ከደወለ አራት ወር አልፎታል።

"ደረጄ፣ ልጄ፣ ገልገሎ ጋ ሄጄ ነበር። አይሠራም አለኝ" አሉ።

"ምኑ ነው የማይሠራው?"

ከብብታቸው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። በእስክሪብቶ የተጻፈ የድረ ገጽ አድራሻ ነው።

"የጎረቤቴ ልጅ ከጅዳ ደውላ ነው ያስጻፈችኝ። የነጌሌ ልጆች በቪዲዮ ታይተዋል እያለ ሰዉ ያወራል አለችኝ። እሷ አላየችውም። እስቲ አንተ እየው፤ ቢንያምዬ ካለበት።"

ገልገሎ አይሠራም አላቸው! በሆዴ ሳቅሁ። ሁሉን ይከፍታል የተባለው ገልገሎ ያቃተው ነገር እኔ ደጅ ደረሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ቢንያም አልነበረም።

አድራሻውን ጻፍኩ። መስመሩ ቀርፋፋ ስለነበር ገጹ እስኪከፈት እትዬ ብርነሽ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ሁሉ አንብበው ጨረሱ። በመጨረሻ ገጹ ወጣ። ርዕሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከመንገድ የተረፉ ወጣቶች ይናገራሉ ይላል። ቪዲዮው መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ግን ግራጫ ሣጥን ብቻ ተደቅኗል፤ ውስጡ "ማጫወቻው አርጅቷል፣ አዲሱን ጫን" የሚል ጽሑፍ አለ።

"ምን ይላል?"

"የተረፉ ልጆች ናቸው ይላል፣ እትዬ።"

"የተረፉ?" ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ተመስገን! ተርፏላ!"

"ገና አላየነውም እኮ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። "እስከ ቅዳሜ ድረስ እከፍትልዎታለሁ" አልኩ።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ያኔ በድረ ገጽ ላይ ያለ ቪዲዮ ሁሉ የሚጫወተው ፍላሽ በምትባል ተቀጥላ ፕሮግራም ነበር፤ አንገት ላይ ከምትንጠለጠለዋ ጋር ስማቸው አንድ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ዊንዶውስ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ካደረጋችሁ ጨረሳችሁ። ሊኑክስ ላይ ግን ፋይሉን ራሳችሁ ታወርዳላችሁ፣ ከታሸገበት ትፈታላችሁ፣ በትእዛዝ ጽፋችሁ ትክክለኛው ማኅደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ አንዲት ፊደል ከሳታችሁ ማሽኑ ዝም ይላችኋል። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ በእኛ መስመር ግን ተራራ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሰማንያ በመቶ ደርሶ ተቋረጠ። እንደገና ጀመርኩት፤ መብራት ሄደ። ከተቋረጠበት የሚቀጥልበት ትእዛዝ ትዝ ብሎኝ አርብ ጠዋት በእሱ ጀመርኩ።

አርብ ረፋድ ላይ ኦቦ ጃርሶ መጡ።

ኦቦ ጃርሶ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዱብሉቅ እስከ ወደራ እየዞሩ ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። የገልገሎ እናት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ቤቴን ከከፈትኩ ጀምሮ እግራቸው ደርሶ አያውቅም ነበር።

"አካም ቡልቴ፣ ደረጄ?"

"ናጋ፣ ኦቦ ጃርሶ። እርስዎስ ደህና አደሩ?"

"ናጋ።" ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰውን መስመር አዩት። "ይሄ ነው የብርነሽ ጉዳይ?"

"አዎ። ነገ ጠዋት ይሠራል።"

"አይሥራ።"

ያልሰማሁ መስሎኝ ዞር አልኩ።

"እስከ እሑድ አቆየው" አሉ። "አልተሳካም በላት። ሰኞ ከፈለግህ ክፈተው።"

"ለምን?"

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሽማግሌ አቆየው ሲልህ ለምን አይባልም።"

እናንተ ነገሩ ገብቷችሁ ይሆናል። የእኔ እናት ብትሆን ኖሮ ቃሉን ሳይጨርሱት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥል ነበር። እኔ ግን ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ፋይል ላይ አፍጥጬ ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ አልነበረኝም። የታየኝ ገልገሎ ብቻ ነው። ሐሙስ ያቃተው ልጅ እስከ ሰኞ ጊዜ እንዲያገኝ አጎቱን ላከ፤ በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም አልኩ።

"ለገልገሎ ጊዜ እንዲያገኝ ነው?" አልኳቸው። እንዲህ ብዬ በቀጥታ! ለአባቴ ታላቅ ለሚሆኑ ሰው!

ኦቦ ጃርሶ አልተቆጡም። "ኦብሲ፣ ደረጄ" አሉ፤ ታገስ ማለታቸው ነው። "ማሎ። እለምንሃለሁ።" ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሥተው ወጡ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አርብ ከሰዓት ፋይሉ ወርዶ አለቀ። ፈታሁት፤ ማኅደሩ ውስጥ አስገባሁት፤ ገጹን ከፈትኩ። ያው ግራጫ ሣጥን! እንደገና ሞከርኩ፤ ያው። ካፌ ሄጄ ማኪያቶ ጠጥቼ ተመለስኩ፤ ያው። መሸብኝና ዘግቼ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ስከፍት እትዬ ብርነሽ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ሜትራቸው እንደተለመደው አንገታቸው ላይ ነው።

"ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ" አሉኝ። "ቢከሳም አውቀዋለሁ። የሄደበት ቡናማ ጃኬት የራሴ ስፌት ነው። የኪሱን ክዳን ከሌላ ጨርቅ ነው የሠራሁለት፣ ጠቆር ካለ። መቶ ሰው መሃል ቢሆን አልስተውም።"

አስቀመጥኳቸውና ሥራዬን ቀጠልኩ። ወዲያው ነገሩ ገባኝ። አዲሱን አስገብቻለሁ እንጂ አሮጌውን አላወጣሁም። ኮምፒውተሩ ሌላ ማኅደር ውስጥ የተደበቀውን አሮጌ ፍላሽ እያነበበ አዲሱን ዞር ብሎም አያየው። ፈልጌ አገኘሁትና ደመሰስኩት። ብሮውዘሩን ዘግቼ ከፈትኩ።

ግራጫው ሣጥን ጠቆረ። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች።

ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ። "ሠራ! እትዬ፣ ሠራ!"

"እውነትህን ነው?"

"ይቅረቡ፣ ይቅረቡ።"

ወንበራቸውን ጎትተው ትከሻቸው ትከሻዬን እስኪነካ ቀረቡ። ምስሉ መጣ። ጭር ያለ ግቢ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ መሬት ላይ ተኮልኩለው የተቀመጡ ልጆች። ከሲታዎች ናቸው፤ ጉልበታቸው ከጭናቸው ይበልጣል። ካሜራው ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ያልፋቸዋል። አንዱ ፊቱን ሸፈነ። ሁለተኛው በባዶ ዓይን አየን። ሦስተኛው አንገቱን አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ ቡናማ ጃኬት ለብሷል። እዚያ ላይ መስመሩ ቀጥ አለና ምስሉ ቆመ። ክቧ መዞር ጀመረች።

እትዬ ብርነሽ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ለጠፉ። የኪሱ ክዳን ጠቆር ያለ ነው።

"ጃኬቱ ነው" አሉ። "የእኔ ስፌት ነው። ልጄ ነው! ቢንያሜ ነው!"

ከዚያ ተነሥተው እልል አሉ። ያ እልልታ መናኸሪያው ድረስ ተሰምቷል። አይሱዙ ላይ የተሳፈሩ ሰዎች አንገታቸውን አውጥተው አዩ፤ የሻይ ቤቷ ሴት እየሮጠች መጥታ በር ላይ ቆመች። እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጠቃሚ ሰው ሆኜ አላውቅም። እሳቸው አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። "የእናትህን ማሕፀን ይባርክ" አሉኝ።

ክቧ ቆመች። ምስሉ ቀጠለ።

ልጁ ቀና አለ። ቦሩ ነበር።

እትዬ ብርነሽ እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀረ። ቦሩ ወደ ካሜራው አይመለከትም ነበር፤ አማርኛና ኦሮምኛ እየደባለቀ፣ እያቆመ፣ በቀስታ ተናገረ። የተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ እንደነበሩ፣ አየር እንዳለቀ፣ ቢያንኳኩም ሹፌሩ እንዳልከፈተላቸው። "ቢንያም ከጎኔ ነበር። መጀመሪያ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ፣ ሙቀቱ በዝቶበት ነው። ከዚያ ልመልስልህ ስለው ዝም አለኝ።" ክዳኑን በጣቱ ነካካው። "እናቱ ነች የሰፋችው። አደርስላታለሁ። ረቢን፣ በፈጣሪ፣ አደርስላታለሁ።"

ለመዝጋት እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ብርነሽ አንጓዬን ያዙኝ። "ተወው" አሉ። እስከ መጨረሻው አዩት።

ኦቦ ጃርሶ እልልታውን ሰምተው እየተጣደፉ ሲገቡ ስክሪኑ ጠቁሮ ነበር። አንዴ እሳቸውን አዩ፣ አንዴ እኔን። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"መቼ ነው ያወቃችሁት?" አሏቸው እትዬ ብርነሽ። አልጮኹም።

"ረቡዕ። ቦሩ ደወለልኝ። ወንድምሽ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቷል፤ ነገ ንጋት ላይ ከእሱ ጋር ልንመጣ ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው፣ ከጫፉ ጀምረው በጣታቸው ላይ ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ማንም ሳይደግፋቸው ወጡ። በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ገና ደስ ብሎት ነበር፤ "እንኳን ደስ አለዎት" የሚል ድምፅም ሰማሁ። እሳቸው "አሜን" ብለው አለፉ። ያ "አሜን" እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው ኦቦ ጃርሶን።

ዱላቸውን ከመሬት አነሡ። "ነግሬህ ነበር እኮ" አሉኝ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ፣ የእድሩ ሴቶች፣ የእትዬ ብርነሽ ወንድምና እኔ ወደ ቤታቸው ሄድን። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ወንድምየው የሚናገረውን ቃል ለሦስት ቀን በአውቶቡስ መስኮት ሲያሰላስል የመጣ ሰው ነው። በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ብርነሽ ጥቁር ለብሰው ደፉ ላይ ቆመዋል።

"ግባ ወንድሜ" አሉት። "ልጃችን ሞቷል።"

መርዶ ሊነግር የመጣው ሰው መርዶ ተነገረው። እዚያው ደጃፍ ላይ ተንከባሎ ጮኸ፤ ሴቶቹ ጮኹ፤ ወንዶቹ አለቀሱ። እሳቸው ግን ወንድማቸውን ይዘው ያጽናኑ ነበር። አላለቀሱም። ሳልስቱም አለፈ፣ አርባውም አለፈ፤ አላለቀሱም። እንባቸውን እልልታው ይዞት ሄደ ይላሉ የሰፈር ሴቶች። ማን እንደወሰደው እኔ አውቃለሁ።

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ገልገሎ አጠገቤ ተቀመጠ። "ሐሙስ እትዬ ወረቀቷን ሲያሳዩኝ አድራሻውን በእጄ ገልብጬ፣ ቆይተው ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸው" አለኝ። "ብቻዬን ከፍቼ አየሁት። አጎቴን ጠየቅሁ። ሲመለሱ አይሠራም አልኳቸው።" አልወቀሰኝም። በዚያ ሳምንት በከተማችን ያንን ቪዲዮ መክፈት ያቃተው ሰው አልነበረም። አለመቻል ያቃተኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ መርዶን እንደ ኋላቀርነት የማይ ሰው ነበርኩ። ሰው ከሞተ ሞተ ነው፣ መደበቁ ምን ይረባል እል ነበር። አሁን ግን እላችኋለሁ፤ መርዶ ሙያ ነው፤ ከእኔ ሙያ የከበደ ሙያ። ሽማግሌዎች፣ የሚነገረው ሰው እንቅልፍ ማግኘቱን፣ እህል መቅመሱን ያጣራሉ። ወድቆ ራሱን እንዳይጎዳ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ይመድባሉ። የሥጋ ዘመድ እስኪደርስ አገር ሙሉ አፉን ይይዛል። ለአንዲት እናት የሚቻለው ያ ብቻ ነበር፤ ልጇን መመለስ አይቻልም። እኔ ያንኑ ወሰድኩባት። በምትኩ የሰጠኋት እልልታ ነው።

ኢንተርኔት ቤቱን በዓመቱ ዘጋሁት። ያቺ ፍላሽ የተባለችው ፕሮግራምም ዛሬ ሞታለች፤ የሚያስታውሳት የለም። አሁን በሁሉም ሰው መዳፍ ላይ ሁሉን የሚከፍት ስልክ አለ፤ መርዶውም ከሽማግሌው ቀድሞ እዚያው መዳፍ ላይ ይደርሳል። እኔም ስልክ ጠጋኝ ሆኛለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ረፋድ ላይ እትዬ ብርነሽ ሱቄ መጡ። አርጅተዋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል እንጂ ደጄን ረግጠው አያውቁም ነበር። ደንግጬ ተነሣሁ። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

"አንዲት ሴት ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ይዛ ትመጣለች" አሉኝ። "ልጇ የላከላት መልእክት አለበት፤ ዛሬውኑ ካልተከፈተልኝ ትልሃለች። ታለቅስብሃለች። እህቷ ሐሙስ ነው የምትደርሰው።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"አልቻልኩም በላት።"

"እሺ።"

በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነበር።

"አደራ፣ ደረጄ" አሉኝ። "እንዳትችል።"